መርከቡ ማታ የት ያድራል? የሸራ መርከብ ጉዞ ለመምረጥ ላሰባችሁ

ሚያዝያ ላይ አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «እነዚያ ትልልቅ ሸራ ያላቸው የድሮ መርከቦች ላይ መሄድ አምሮኛል። አንተ ሞክረሃል አሉ። የቱ ይሻላል?» አለኝ። የላከልኝን ሊንኮች አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አንዱ ጉዞ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሌላው ሦስት ሳምንት። አንዱ ላይ አስተናጋጅ ወይን ይቀዳላችኋል። ሌላው ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቀስቅሰው የመርከቡን መሪ ያስይዟችኋል። ፎቶዎቹ ግን ቁርጥ አንድ ናቸው። ነጭ ሸራ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ።

በፎቶ መምረጥ አይሆንም። ዋጋም ብቻውን ያሳስታል። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መርከቡ ማታ የት ያድራል? ወደ ተነሳበት ወደብ ይመለሳል? ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ መልሕቅ ይጥላል? ወይስ ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል? የሚጓዝ ከሆነስ ነቅቶ የሚያድረው ማነው? የዚህን መልስ ካገኛችሁ እንቅልፋችሁ እንዴት እንደሚሆን፣ ሆዳችሁ ይታወክ እንደሆነ፣ እጃችሁ ይላጥ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለማታ ቤቱ የሚገባ

ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያላችሁ ከአናፖሊስ ጀምሩ። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት አይፈጅም። እዚያ ዉድዊንድ የሚባሉ ሁለት መንትያ ስኩነሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 74 ጫማ ይረዝማሉ። ስኩነር ማለት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምሰሶ ያለው፣ ሸራውም ከመርከቡ ፊት ወደ ኋላ የሚዘረጋ መርከብ ነው። እነዚህ አሮጌ አይደሉም፤ በ1990ዎቹ በድሮው መልክ የተሠሩ ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ቼዛፒክ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ ያንሸራሽሯችኋል። የፈለገ ገመድ ይስባል፣ የፈለገ መሪ ይይዛል፣ ያልፈለገ ቁጭ ብሎ መጠጡን ይጠጣል።

ልጆችና አያቶች አብረው የሚሄዱ ከሆነ ሌላ ቦታ ማየት አያስፈልግም። ወጪውም የአንድ ጥሩ ራት ያህል ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ውሃው ብዙ ጊዜ ገር ስለሆነ ሆዳችሁን አይፈትንም። «አናፖሊስ ምንም አልሆንኩም» ብሎ የሰሜን ባሕርን ጉዞ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ሁለት ቀን ባልዲ አቅፎ ከረመ።

ዱባይ ላላችሁ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ቢጤ። ዳው ማለት የዓረቦች የድሮ የሸራ ጀልባ ነው። ክሪኩ ላይና ማሪና ውስጥ «የዳው ጉዞ» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው በሞተር የሚሄድ ተንሳፋፊ ምግብ ቤት ነው። መብራቱ ያምራል፣ ቡፌውም አይከፋም። የሸራ ጉዞ ግን አይደለም።

መልሕቅ ጥሎ የሚያድር

ሜን የሚባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ፔኖብስኮት የሚባል ባሕረ ሰላጤ አለ። ደሴት በደሴት ነው። ከካምደንና ከሮክላንድ ወደቦች የሚነሱት ስኩነሮች እውነተኛ የሥራ መርከቦች ነበሩ። እንጨት፣ ድንጋይና ዓሣ ሲያመላልሱ ኖሩ። ባቡርና የጭነት መኪና ሥራቸውን ሲነጥቃቸው ብዙዎቹ እንደቆሙ በሰበሱ። በ1936 ፍራንክ ስዊፍት የሚባል ካፒቴን ከካምደን ተነስቶ በጭነት ፋንታ ሰው መጫን ጀመረ። ያ ሥራ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ሉዊስ አር ፍሬንች እና ስቲቨን ቴበር የሚባሉት ሁለቱም ውሃ የነኩት በ1871 ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ የደፉት በ1872 መጀመሪያ ስለሆነ መርከቦቹ ይቀድሟቸዋል። ፍሬንች ዛሬም ሆዱ ውስጥ ሞተር የለውም። ነፋስ ከጠፋ ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ከኋላው ተጠግታ ትገፋዋለች። ሲታይ ያስቃል፤ ጥጃ ላም ስትገፋ ነው የሚመስለው።

ጉዞው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት አዳር ነው። ወቅቱ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ። መድረሻ የለውም። እውነቴን ነው፣ ቲኬቱ ላይ የምትሄዱበት ቦታ አይጻፍም። ካፒቴኑ ጠዋት ነፋሱን አይቶ «ዛሬ ወደዚህ» ይላል። ማታ ከአንዱ ደሴት ጥግ መልሕቅ ይጥላል፣ መርከቡ ዝም ይላል፣ ሰው ሁሉ ይተኛል። ሆዳቸውን ለሚፈሩ ከዚህ የተሻለ ጀማሪ ጉዞ አላውቅም።

እኔ የሄድኩበት (ስሙን ልተወውና) መጀመሪያ ቀን ጠዋት ትልቁን ሸራ እንድንሰቅል ተጠራን። ገመዱ የእጅ አንጓ ያክላል። ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ቆምን። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ ሁለት አስተማሪዎች፣ አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትና እኔ በአንድ በኩል ነን። የካፒቴኑ ረዳት በጮኸች ቁጥር እንስባለን። መጀመሪያ ቀላል ነበር። ሸራው አጋማሽ ሲደርስ መዳፌ መንደድ ጀመረ። ጫፍ ሊደርስ ሲል የሁላችንም ክብደት ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ በአንድ ስበት የምታገኘው አንድ ስንዝር ብቻ ናት። ከዚያ ሸራው ነፋስ ያዘ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ዘመም አለ፣ የሞተር ድምፅ ሳይኖር መርከቡ ሄደ። የጥርስ ሐኪሙ መዳፉን እያየ «ሰኞ ሥራ አለብኝ» አለ።

አሁን መከራው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንዱ ሲለብስ ሌላው አልጋው ላይ ይጠብቃል። ግድግዳው ሳንቃ ስለሆነ የጎረቤት ማንኮራፋት እንደ ልብ ይሰማል። መጸዳጃ ቤት የጋራ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ከላይኛው ወለል ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሌሊት ሽንት ከመጣባችሁ በመሰላል መውጣት ነው። ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ይዤ አልሄድም። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያም እንደ ልብ አይገኝም።

ምግቡ ግን! በብዙዎቹ ላይ የሚበስለው በእንጨት ምድጃ ነው። ጎህ ሳይቀድ አብሳዩ ተነስቶ እሳት ሲያነድ ጭሱ በወለሉ ላይ ይሄዳል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሸተተኝና ለትንሽ ጊዜ አያቴ ቤት ያለሁ መሰለኝ። ቡና ይዛችሁ ስትወጡ ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቷል።

ለእኛ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። የጉዞው ድግስ ባሕር ዳር ወርዶ ሎብስተር (ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) መቀቀል ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ በሃይማኖት ሎብስተር አንበላም። ሁለተኛው፣ ሞቅ ያለው ወቅት ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21 ላይ ይውላል። ሁለቱንም ስትመዘገቡ ንገሩ። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም» ብላችሁ ዘርዝሩ እንጂ «ጾም ላይ ነኝ» ብቻ አትበሉ፤ ጭራሽ የማትበሉ ይመስላቸዋል። አብሳዩ ዕቃውን የሚገዛው መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ስለሆነ ደሴት ላይ ሆኖ ማስታወስ ዋጋ የለውም።

ወደብ ላይ፣ ወይም አሸዋ ላይ የሚያድር

አውሮፓ ላላችሁ፣ በተለይ ለማኅበርና ለቤተ ዘመድ፣ የእኔ ምርጫ ሆላንድ ነው። ወደ ሌላው ከማለፋችሁ በፊት ይህን ደግማችሁ አስቡበት።

እዚያ የድሮ ጭነት መርከቦች በብዛት በአንድ ላይ «ቡናማው ጓድ» ይባላሉ። ስሙ ከሸራው ቀለም የመጣ ነው። የጥንቱ የጥጥ ሸራ እንዳይበሰብስ፣ ልክ ቆዳ እንደሚለፋው፣ በዛፍ ልጥ ውሃ ይነከር ነበር፤ ቀለሙ ከዚያ ቀረ። መርከቦቹ ታቻቸው ዝርግ ነው። በግራና በቀኝ ጎናቸው እንደ ክንፍ የሚወርድ ትልቅ ሳንቃ አላቸው። ውሃው ጥልቅ ሲሆን ሳንቃውን አውርደው መርከቡ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ያደርጋሉ፤ ሲያንስ ያነሱታል።

ከኤንክሃውዘንና ከሆርን የሚነሱት አይሰልሜር ላይ ይጓዛሉ። ይህ በፊት ባሕር ነበር። በ1932 በ32 ኪሎ ሜትር ግድብ ዘግተውት ሐይቅ አደረጉት። ከሃርሊንገን የሚነሱት ደግሞ ከግድቡ ውጭ ወዳለው ዋደን ባሕር ይወጣሉ። እዚያ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ካፒቴኑ አውቆ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ያቆመዋል። ውሃው ሲሸሽ መርከቡ አሸዋው ላይ ቁጭ ይላል። በመሰላል ወርዳችሁ በእግራችሁ ትዞሩታላችሁ። ከሰዓታት በኋላ ውሃው ተመልሶ ያነሳችኋል። ይህን የሚያደርግ ጉዞ ሌላ ቦታ በቀላሉ አታገኙም። ልጆች ያበዱበታል።

ሌላው ጥቅሙ፦ ብዙውን ጊዜ መርከቡን ሙሉውን ትከራያላችሁ። ካፒቴንና አንድ ረዳት ይመጣሉ፤ የቀረው ሥራ የእናንተ ነው። ምግቡንም ራሳችሁ ታበስላላችሁ። እኛ አሥራ ስምንት ሆነን አንድ ቅዳሜና እሁድ ወጣን። ከፍራንክፈርት የመጡት አክስቴ እንጀራውንና በርበሬውን ጭነው ነበር። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው በደረጃው ወጥቶ ወለሉን ሞላው። ረዳቱ ልጅ ገመዱን እንደያዘ አንገቱን ወደ ታች አስገብቶ «ምንድነው እሱ?» አለ። አክስቴ በአማርኛ «ና ውረድ፣ ቅመስ» አሉት። ገባው መሰለኝ፣ ወረደ። ወደ ማታ ካፒቴኑም በእጁ ሲጎርስ ነበር።

ማታ ወደቡ ውስጥ መርከቦቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ይታሰራሉ። መሬት ለመድረስ የሌላ ሰው ሦስት መርከብ ተሻግራችሁ ነው፤ እንደ ጎረቤት ግቢ። መብራት አለ፣ ሱቅ ቅርብ ነው፣ የከፋው ሰው ባቡር ይዞ ይሄዳል። ችግሩ ጫጫታው ነው። አጠገባችሁ የታሰረው መርከብ የተማሪ ቡድን ከያዘ እንቅልፍ እርሱት።

ሌሊቱን የሚጓዝ፣ እናንተ የምትነቁበት

ኖርዌይ፣ በርገን። ስታትስሮድ ሌምኩል የሚባለው መርከብ ባለ ሦስት ምሰሶ ነው። በ1914 ለጀርመን የንግድ መርከበኞች ማሠልጠኛነት የተሠራ፣ 98 ሜትር የሚረዝም፣ ምሰሶው 48 ሜትር የሚደርስ። ይህ ሸራው በአግድም እንጨት ላይ የሚንጠለጠል፣ በሥዕል የምናውቀው ዓይነት ነው። እንግዳ ሆናችሁ ሳይሆን ሠልጣኝ ሆናችሁ ነው የምትገቡት። ልምድ አይጠይቅም።

ኦስሎ ያለችው የእህቴ ልጅ ሄዳበታለች። ሠልጣኙ በሦስት ፈረቃ ይከፈላል። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት እረፍት፣ ቀንም ሌሊትም። እሷ ከሌሊቱ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ደረሳት። ከፈረቃዋ አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ከፊት ቆሞ ጨለማውን ያያል፣ ሌላው ደግሞ እሳት እንዳይነሳ መርከቡን ይዞራል። መኝታው ከጣሪያ የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ነው፤ ማታ ትሰቅሉታላችሁ፣ ጠዋት ታወርዱታላችሁ። መቶ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን እየተወዛወዘ ይተኛል። ምሰሶ መውጣት በፈቃድ ነው፣ መታጠቂያም አለው። «ምሰሶው አላስፈራኝም፤ ያቺ አልጋ ላይ መውጣት ነው የገደለኝ» ነው ያለችኝ። መልሼ ብጠይቃት ግን የምታወራው ስለ አንድ ሌሊት ብቻ ነው። መሪው ላይ ሆና ዙሪያዋ ምንም አይታይም፤ የኮምፓሱ ትንሽ መብራትና ከላይ የሸራው ድምፅ ብቻ።

ልጃችሁ ከ15 እስከ 25 ዓመት ከሆነ የ«ቶል ሺፕስ ሬስ» ውድድርን እዩለት። በ1956 ከእንግሊዝ ቶርቤይ ወደ ሊዝበን የተጀመረ ነው። ከእያንዳንዱ መርከብ ሠራተኛ ቢያንስ ግማሹ በዚያ የዕድሜ ክልል መሆን አለበት። ለወጣቶች ወጪ የሚደጉሙ የወደብ ከተሞችም አሉ። ስልኩን ከእጁ ለማስጣል ከምክር የተሻለ መድኃኒት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጫፍ ባርክ ዩሮፓ የሚባለው መርከብ ነው። በ1911 ሃምቡርግ ላይ እንደ ተንሳፋፊ የመብራት ቤት ተሠርቶ በ1994 የሸራ መርከብ የሆነ። ከአርጀንቲና ኡሽዋያ ተነስቶ አንታርክቲካ ይደርሳል፣ ሦስት ሳምንት ገደማ። 48 ሰው ይዞ፣ ሁሉም እየሠራ። ዋጋውም ባሕሩም ከባድ ነው። መጀመሪያ ጉዞ አይደለም።

የቪዛ ነገር አትርሱ። ግሪን ካርድ ኖሯችሁ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ ለኖርዌይም ለሆላንድም ሸንገን ያስፈልጋችኋል። መርከቡ ከበርገን ተነስቶ የብሪታንያ ግዛት የሆነችውን ሼትላንድ ነክቶ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የእንግሊዝ ቪዛም፣ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ሸንገንም ጨምሩ። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት።

ሌሊቱን የሚጓዝ፣ እናንተ የምትተኙበት

ሮያል ክሊፐር በ2000 ሥራ የጀመረ ባለ አምስት ምሰሶ፣ 42 ሸራ ያለው፣ 134 ሜትር የሚረዝም መርከብ ነው። 227 ተሳፋሪ ይይዛል። መዋኛ ገንዳ አለው፣ ክፍሉ ሻወር አለው። ከመርከቡ ፊት በተዘረጋው መረብ ላይ ተኝታችሁ ከሥራችሁ ባሕሩን ማየት ትችላላችሁ፤ ይህ ብቻውን ደስ ይላል። ግን ቀን ቆጥሮ የሚደርስበት ወደብ ስላለው ነፋስ ሲያንስ ሞተር ይነሳል። ጫጉላ ሽርሽር ወይም የወላጆች የጋብቻ በዓል ከሆነ ይህ ነው። ገመድ መሳብ ካማራችሁ ግን ከዳር ቆሞ ማየት ያናድዳችኋል። በ1931 ኪል ላይ የተሠራው ሲ ክላውድ 64 እንግዳ ብቻ ይይዛል፤ ሸራውን ሠራተኞቹ ዛሬም ምሰሶ ወጥተው በእጃቸው ይዘረጋሉ። ይህን የማነሳው ለማለም ነው፤ ዋጋው የኔ ቢጤን አይመለከትም።

ወደ አገር ቤት ለሚቀርብ ደግሞ ላሙ አለች፣ ኬንያ። መኪና የማይነዳባት፣ በአህያ የሚኬድባት ጥንታዊ ከተማ። ሦስት ማዕዘን ሸራ ያላቸው ዳዎች ዛሬም በነፋስ ይሄዳሉ። ክፍል የለም፣ ፍራሽ ላይ ከከዋክብት ሥር ነው። የአካባቢውን ጸጥታ ዜና አጣርታችሁ ሂዱ። ነገሬ ላይ ነገር ልጨምርና፣ «ጀልባ» የምንለው ቃል ራሱ የቀይ ባሕር ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕርን የተሻገረው የአንዳሉሱ ተጓዥ ኢብን ጁበይር ሐጃጆች የሚሳፈሩባቸውን በገመድ የተሰፉ መርከቦች «ጀልባ» ይላቸዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሆድ ላይ፦ ክኒኑ የሚሠራው ከመሳፈራችሁ በፊት ከተዋጠ ነው። ሲያቅለሸልሻችሁ ወደ ክፍላችሁ አትግቡ። ከላይ፣ መርከቡ መሐል ላይ ሁኑና ዓይናችሁን አድማስ ላይ ጣሉ። ካፒቴኑ ከፈቀደ መሪ ያዙ፤ የሚገርም ነው፣ ይተዋችኋል። ዳቦ ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከየትኛውም የፈረንጅ ብስኩት ይሻላል። ማስመለስ የግድ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አትሁኑ። ይህን የሚማረው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ነው የሚማረው።

ዋና አለመቻል በአብዛኞቹ አይከለክልም። ግን አትደብቁ፣ ንገሯቸው።

ስለ አደጋም እናውራ። በ1986 ፕራይድ ኦፍ ባልቲሞር የተባለው ስኩነር ፖርቶ ሪኮ አካባቢ በድንገተኛ ነፋስ ሰጥሞ ካፒቴኑና ሦስት ባልደረቦቹ ሞቱ። በ2012 ባውንቲ የተባለው መርከብ በሳንዲ አውሎ ነፋስ ውስጥ ሰጠመ፤ ከተሳፈሩት 16 ሰዎች 14ቱን የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች አወጧቸው። ሆላንድ ውስጥም በ2016 ሃርሊንገን ላይ ምሰሶ ተሰብሮ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ በ2022 ሸራ የሚይዘው እንጨት ወድቆ የ12 ዓመት ልጅ ገድሏል። ስለዚህ የምርመራ ምስክር ወረቀቱን ጠይቁ፤ ምሰሶውና እንጨቱ መቼ እንደታየም ጭምር። የሚያኮርፍ ካለ ሌላ መርከብ ፈልጉ። አንድ ጥያቄ ደግሞ ጨምሩ፦ «አየሩ ቢከፋ ምን ታደርጋላችሁ?» «አንወጣም» የሚል ካፒቴን ጥሩ ካፒቴን ነው። «ፕሮግራማችን አይቀየርም» የሚለውን እኔ አልሳፈርም።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሜንን መረጠ፤ ለመስከረም መጀመሪያ፣ ፍልሰታ ካለፈ በኋላ፣ አራት አዳር። «ሎብስተሩንስ?» አልኩት። «አጠገቤ ለተቀመጠው ፈረንጅ እሰጠዋለሁ፤ አብሮ የሚቀቀል በቆሎ አለ አይደል?» አለኝ። አለ፣ በልጣጩ ነው የሚቀቀለው።